«ስኳር እኮ ከተውኩ ቆየሁ»

ደሴ ውስጥ የስኳር ሕሙማን ክትትል ላይ የምሠራ ነርስ ነኝ። በየቀኑ የምሰማው ቅሬታ አንድ ነው። «ሲስተር፣ ስኳር እኮ ከተውኩ ቆየሁ። ሻይ የምጠጣው ባዶውን ነው። ይኸው አልወረደም። የእናንተ የምግብ ምክር አይሠራም።» ከዚያ በኋላ ሰውየው እኛን መስማት ይተዋል። ጎረቤት ያለውን፣ ገበያ የሰማውን፣ ቲክቶክ ላይ ያየውን መሞከር ይጀምራል። አንገሽግሾኛል፤ ምክንያቱም መጨረሻውን የማየው እኔ ነኝ።

ጣጣው የሚጀምረው ከስሙ ነው። በሽታውም ስኳር ይባላል፣ ሻይ ውስጥ የሚገባውም ስኳር ይባላል። ስለዚህ ሰው የስኳር ዕቃውን ከጠረጴዛ ላይ ካነሳ ምክሩን ሁሉ የፈጸመ ይመስለዋል። ደም ውስጥ የምንለካው ግን ግሉኮስ ነው። ግሉኮስ ከእንጀራም፣ ከዳቦም፣ ከሩዝም፣ ከፓስታም፣ ከድንችም፣ ከበሶም ይመጣል። የግድ መጣፈጥ የለበትም። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 70 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ደግሞ 4 ግራም ያህል ነው። እስቲ አስሉት። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፤ ፋይበር አለው፣ ብረት አለው። «ጤፍ ስኳር አይጨምርም» የሚባለው ግን ስህተት ነው።

እናቴ ራሷ ይህን አላምን ብላ አስቸግራኛለች። አንድ ቅዳሜ ምሳ ከመብላቷ በፊት ለካኋት፤ 131 (ቁጥሮቼ ሁሉ ሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው)። አንድ ሙሉ እንጀራ በሽሮ በላች። ቡና ተፈላ። አቦል ላይ ቆሎ፣ ቶና ላይ ድፎ ዳቦ ቀመሰች። ቡናው ያለ ስኳር ነበር። ከምሳው ሁለት ሰዓት በኋላ መለኪያው 248 አለ። «መሣሪያሽ ተበላሽቷል» አለችኝ። ሌላ ጣቷን ወጋሁ፤ 245። ምግብ በተበላ በሁለት ሰዓት ከ180 ባይበልጥ ነው የምንፈልገው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንጀራውን ግማሽ አደረግነው። በተረፈው ቦታ ጎመን ሞላሁበት፣ ምስር ወጥ ጨመርኩ። መጀመሪያ ጎመኑንና ምስሩን እንድትበላ ለመንኳት። ዳቦው ቀረ፣ ቡናው አልቀረም። ከዚያ ሰፈር ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ወክ አደረግን። ስንመለስ 168 ሆነ። ቁጥሩን ዝም ብላ አየችው። ማታ እራት ሲቀርብ «ጎመኑን ጨምሪልኝ» አለች። እኔ በዓመታት ምክር ያላገኘሁትን ሁለት ቅዳሜ አስገኘልኝ።

ስለዚህ ምክሩን የምትጠራጠሩ ሰዎች፣ እኔን አትመኑኝ። መለኪያ ካላችሁ ከምሳ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ለኩ። የበላችሁትን ከቁጥሩ ጎን ጻፉ። መለኪያ ከሌላችሁ በሦስት በሦስት ወሩ ኤችቢኤዋንሲ የሚባለውን ምርመራ አሠሩ። የአንድ ቀን ሳይሆን የሁለትና የሦስት ወር አማካይ ያሳያል። ለቀጠሮ ሲደርስ ሦስት ቀን ጾሞ መምጣት እሱን አያታልለውም።

«ምክራችሁ ይቀያየራል» የሚሉኝም አሉ። እውነት ነው፣ ይቀያየራል። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር በ2019 ባወጣው የአመጋገብ ሰነድ ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ የካርቦሃይድሬት መጠን የለም ብሏል። በ2017 የወጣ አንድ የብሪታንያ ጥናት ደግሞ፣ በሽታው ከታወቀ 6 ዓመት ያልሞላቸውና ኢንሱሊን ያልጀመሩ ሰዎች በባለሙያ ክትትል ክብደት ሲቀንሱ፣ ግማሽ የሚጠጉት በዓመቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው መጠን በታች መሆኑን አሳይቷል። የማወራው ስለ ዓይነት ሁለት፣ አብዛኛውን ጊዜ አዋቂዎችን ስለሚይዘው ስኳር ነው። በፊት እንዲህ ይሆናል ብለን አንናገርም ነበር። ዕውቀት ሲጨምር ምክር ይስተካከላል።

የእኛም ጥፋት አለ፤ አልክድም። ለታካሚ የምንሰጠው ወረቀት ላይ ኦትስና ብሮኮሊ ተጽፎ አይቻለሁ። ከሰኞ ገበያ ገዝቶ የሚበላ ሰው ያንን ወረቀት ቢጥለው አልፈርድበትም። ሀበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ ብንለው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ይገባው ነበር። ከማዕዱ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ እንጀራ፣ ሩቡ ጥራጥሬ ወይም ሥጋ ወይም እንቁላል። አብሮ መብላት ደግሞ ወሎ ላይ አይቀርም፣ መቅረትም የለበትም። የራሳችሁን እንጀራ መጀመሪያ ቆርጣችሁ ፊታችሁ አድርጉ። ጉርሻ ሲመጣ ከጎመኑ በኩል ይሁን በሉ፤ ማንም አይቀየምም።

«መራራ ነገር ስኳርን ይገድላል» የሚለው ሁለተኛው ሕመሜ ነው። እሬት፣ ግራዋ፣ ሌላም ሌላም። ምላስ ላይ መምረርና ደም ውስጥ ግሉኮስ መቀነስ አይገናኙም። አንድ ጎልማሳ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒኑን ትቶ ሁለት ወር መራራ ሲጠጣ ከርሞ ሰዎች ደግፈው አመጡት። ከንፈሩ ደርቋል፣ ትንፋሹ ቁና ቁና ይላል። መለኪያው ቁጥር መስጠት አቅቶት «ሃይ» አለ። ከመለኪያው አቅም በላይ ነው ማለት ነው። ተርፏል፤ ግን ለጥቂት ነው። አብሽን በተመለከተ የተሻለ ዜና አለ። ፋይበሩ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ነገር ግን አብሹን መትታችሁ በማር ካጣፈጣችሁት ጥቅሙን አጠፋችሁት። መድኃኒትም አይተካም።

ማርስ ተፈጥሯዊ አይደለም ወይ? ነው። ከመቶ እጅ 80 ገደማው ስኳር ነው፣ ያው ይጨምራል። ፍራፍሬ ክልክል ነው? አይደለም፤ አንድ ብርቱካን ብሉ፣ ጭማቂውን ተዉት። ቀጭን ሰው ስኳር አይዘውም? ይይዘዋል። ኢንሱሊን የጀመረ ሰው አለቀለት? በፍጹም! ዓይነት አንድ የያዛቸው ልጆች የሚኖሩት በእሱ ነው።

ጾምን በተመለከተ፣ ረመዳንም ይሁን ሁዳዴ፣ ከመግባቱ በፊት መጥታችሁ መድኃኒታችሁ ይስተካከል። በራሳችሁ አትቀንሱ። ጣት ወግቶ መለካት የረመዳንን ጾም አያፈርስም፤ የሃይማኖት አባቶችን ጠይቁ። ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ግን የዚያን ቀን ጾም ማቋረጥ ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ይሄኛው ነው። በቅርቡ አንድ አባት በባጃጅ መጡ። ልብሳቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ኢንሱሊን ተወግተው ቁርስ ሳይበሉ ለቅሶ ቤት ውለዋል። ለካኋቸው፤ 48። ባለቤታቸውን ምን ሰጠሻቸው አልኳት። «ኧረ ምንም! ስኳር እንደሆነ ከቤታችን ከወጣ ሦስት ዓመቱ» አለችኝ። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ውሃ ውስጥ በጥብጬ አመጣሁ። እሳቸው አፋቸውን ገጥመው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ተከልክያለሁ» ይላሉ። «አብሽሩ አባባ፣ አሁን መድኃኒትዎ ይሄ ነው» ብዬ በግድ አስጎነጨኋቸው። በ15 ደቂቃ 92 ሆኑ። ወዲያው ዳቦ በሻይ አበላናቸው። ሲወጡ ሁለት ከረሜላ ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተትኩ፤ ሰው ራሱን ስቶ መዋጥ ካልቻለ አፉ ውስጥ ምንም እንዳይጨመር፣ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት እንዲመጣ ለባለቤታቸው ነገርኳት። እሷ ከእኔ ጋር ደጋግማ አለችው፣ ከዚያ የስኳር ዕቃውን ወደ ቤት እንደምትመልሰው ነገረችኝ።