አዋቂ ሰው ላይ የሚወጣ ጉድፍ ምንድን ነው?

ጉድፍ የልጅ በሽታ ነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ልጁን ያተኩሰዋል፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ይወጣበታል፣ ሳምንት ያህል ሲያክክ ይሰነብትና ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ጎረቤትም "በልጅነቱ ቢወጣለት ይሻላል" ትላለች። ስለ ልጁ ከሆነ አልተሳሳተችም። ነገሩ የሚከብደው በልጅነቱ ያመለጠው ሰው በ20ዎቹ ወይም በ30ዎቹ ዕድሜው ሲይዘው ነው። ትኩሳቱ ይበረታል፣ ሽፍታው ይበዛል፣ አልጋ ላይም ረዘም ላለ ጊዜ ያስተኛል። አልፎ አልፎ ደግሞ ሳንባ ድረስ ይገባል።

በሽታውን የሚያመጣው ቫሪሴላ ዞስተር የሚባል ቫይረስ ነው። በአየር ይተላለፋል፤ ከሽፍታው የሚወጣውን ፈሳሽ በመንካትም ይተላለፋል። አንድ ቤት ውስጥ አንድ ታማሚ ካለ፣ ከዚህ በፊት ይዟቸው ከማያውቅ የቤቱ ሰዎች ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት ይያዛሉ። ክፋቱ፣ ታማሚው ሽፍታው ከመውጣቱ ከ1 እስከ 2 ቀን ቀደም ብሎ ማስተላለፍ ይጀምራል። የመጨረሻዋ ቁስል ደርቃ ቅርፊት እስክትይዝ ድረስም ማስተላለፉን አያቆምም።

ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ከ10 እስከ 21 ቀን ይፈጅበታል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ከየት እንዳገኘው የማያውቀው። ጥር 11 ቀን፣ ፋሲል መዋኛ፣ በጥምቀቱ ግፊያ መሃል ቫይረሱን የተቀበለ ሰው ሽፍታው የሚወጣበት ከጥር 21 እስከ የካቲት 2 ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ እንግዳው ሁሉ ወደ አገሩ ገብቷል።

ለምን አንዳንዱ በልጅነቱ ያመልጠዋል? በቀዝቃዛዎቹ የአውሮፓ አገሮች፣ ክትባቱ ከመምጣቱ በፊት፣ አብዛኛው ልጅ ለጉርምስና ሳይደርስ ይያዝ ነበር። በሞቃታማው የዓለም ክፍል ግን ሳይያዙ ለአካለ መጠን የሚደርሱ ብዙ ናቸው። ቤቶች ተራርቀው በተሠሩበት የገጠር መንደር ያደገ ልጅም ቫይረሱን ሳያገኘው ሊያድግ ይችላል። ከዚያ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይመደብና ዶርም ይገባል። ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ እሱም በብርዱ ምክንያት የተዘጋ። አንዱ ከታመመ ወሬው ሳይሰማ ቫይረሱ ክፍሉን ያዳርሳል።

አዋቂ ላይ ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት አንድ ሁለት ቀን ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማትና የምግብ ፍላጎት ማጣት ይቀድማል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚድበሰበሰው። ጎንደር ውስጥ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቶ የሚኖር አንድ ወጣት ሠራተኛ እናስብ። ከሥራ ሲመለስ ያንቀጠቅጠዋል። አከራዩ እማማ ግንባሩን ዳሰስ አድርገው "ምች ነው የመታህ ልጄ፤ ከፀሐይ መጥተህ ቀዝቃዛ ውሃ ፊትህ ላይ ደፍተህ ነው" ይሉታል። ጓሮ ወርደው ዳማ ከሴ ይቀነጥሱና በመዳፋቸው አሽተው አፍንጫው ሥር ይይዙለታል፤ ጭማቂውንም በቡና ይሰጡታል። በማግስቱ ሸሚዙን ሲያወልቅ ደረቱ ላይ ሦስት አራት ቀያይ ነጥቦች ያያል። "ትኋን ይሆናል" ብሎ ይተወዋል። ማታ ላይ ፊቱና ራስ ቅሉ ሳይቀር ሞልቷል።

እማማን ማማት አይገባም። በዚያ የመጀመሪያ ቀን ሐኪም ቢያየውም ጉድፍ ነው ለማለት ይቸገራል። ያ ሦስት አራት ነጥብ የታየበት ጠዋት ግን ውድ ነው። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

የጉድፍ ሽፍታ መለያ አለው። መጀመሪያ ቀይ ነጥብ ነው፤ ከዚያ ከፍ ይላል፤ በሰዓታት ውስጥ ጥርት ያለ ውሃ ይቋጥራል፣ የጋለ ዘይት ተፈናጥቆ ቆዳ ላይ እንደሚያወጣው። ቀጥሎ ይደፈርስና ይደርቃል። ይህ ሁሉ አንዴ ወጥቶ አያበቃም። ለተከታታይ ቀናት በየዙሩ አዲስ ይወጣል። ስለዚህ ደረት ላይ አዲሱ ነጥብ፣ ውሃ የቋጠረውና ቅርፊት የያዘው ጎን ለጎን ይታያሉ። አፍ ውስጥ፣ ዓይን ቆብ ላይና ብልት አካባቢም ይወጣል። በድምሩ ከ250 እስከ 500 ቢደርስ የተለመደ ነው።

ኩፍኝ ውሃ አይቋጥርም፤ ሳልና የዓይን መቅላት አብሮት ይመጣል። ፈንጣጣ ደግሞ ሁሉም በአንድ ደረጃ ላይ ሆኖ ነበር የሚታየው፣ ፊት፣ እጅና እግር ላይ በዝቶ። "ነበር" ያልኩት የዓለም ጤና ድርጅት በ1980 እ.ኤ.አ. ፈንጣጣ ከምድር ጠፍቷል ብሎ ስላወጀ ነው። ጎንደር ፈንጣጣን በደንብ ታውቀዋለች። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ከተማዋ ሲደርስ፣ ቁስቋም በሚገኘው የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ልጆች በፈንጣጣ ታመው ነበር። አክም ተብሎ ሲጠራ በሩንና መስኮቱን አስከፈተ። ለጉድፍ ታማሚም መስኮት መክፈት ዛሬም ይመከራል። ሁለቱን በሽታዎች ማምታታት ደግሞ የተራ ሰው ስህተት ብቻ አይደለም፤ በ1977 እ.ኤ.አ. ሶማሊያ መርካ ውስጥ በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የተያዘው የመጨረሻ ሰው፣ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነበር፣ መጀመሪያ ወባ፣ ቀጥሎም ጉድፍ ነው ተብሎ ነበር። በኛ ጊዜ ሊምታታ የሚችለው ቀድሞ የዝንጀሮ ፈንጣጣ ይባል የነበረው ኤምፖክስ ነው። እሱ ንፍፊት ያሳብጣል፤ መዳፍና ውስጥ እግር ላይም ይወጣል። ጥርጣሬ ካለ መመርመር ነው።

አሁን ወደሚያስፈራው። አዋቂ ላይ ጉድፍ ከሚያመጣቸው ችግሮች ዋናው የሳንባ ምች ነው። ከ400 አዋቂ ታማሚዎች 1 ሰው ያህል ይገጥመዋል ይባላል። ሽፍታው በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ሳል፣ የትንፋሽ ማጠርና ደረት ላይ ውጋት ይመጣል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው የበለጠ ይጋለጣል። ደረጃ ሲወጣ እንኳ የማያውቀው ማለክለክ ከመጣ "ነገ ያየኛል" አይባልም፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ነው። መዘባረቅ፣ አንገት መገተር፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ ቁስሉ ዙሪያ ቀልቶ መጋልና መግል መያዝም እንደዚያው።

ነፍሰ ጡር ሴት ለብቻዋ መነሳት አለባት። ሳንባዋ ላይ ቢገባ ይበረታባታል። በመጀመሪያዎቹ 20 ሳምንታት ከያዛት ፅንሱ ላይ ጉዳት የማድረስ ዕድል አለው፤ ዕድሉ ትንሽ ነው፣ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ከመውለዷ 5 ቀን በፊት ጀምሮ ከወለደች በኋላ እስከ 2 ቀን ባለው ጊዜ ሽፍታው ከወጣባት ደግሞ አደጋው ለአራሱ ልጅ ነው። ስለዚህ በልጅነቷ ይዟት የማያውቅ ነፍሰ ጡር ከታማሚ ጋር ከዋለች፣ ሽፍታ እስኪወጣ ሳትጠብቅ ለምትከታተልበት ሐኪም ትንገር። በኤችአይቪ፣ በካንሰር ሕክምና ወይም በሌላ ምክንያት የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰውም እንዲሁ።

ሕክምናው አሲክሎቪር የሚባል መድኃኒት ነው። ለአዋቂ ብዙውን ጊዜ 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ ለ7 ቀን ይታዘዛል። ጥሩ የሚሠራው የመጀመሪያው ሽፍታ በታየ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። "ትኋን ይሆናል" የተባለበት ጠዋት ውድ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ኩላሊት የሚያመው ሰው መጠኑ ይስተካከልለታል፤ ስለዚህ ሐኪም ሳያየው ከፋርማሲ አይገዛ።

ለትኩሳት ፓራሲታሞል ይበቃል። አስፕሪን ለልጆችና ለወጣቶች ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ አደገኛ ሕመም ሊያስከትል ስለሚችል ይቅር። አይቡፕሮፌንም ጉድፍ ላይ ከከባድ የቆዳ ኢንፌክሽን ጋር ስለተያያዘ ባይወሰድ ይሻላል። ከሁሉም በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ቅባቱ ነው። "የሚያሳክክ ነገር ወጣብኝ" ብሎ ፋርማሲ የሄደ ሰው ቤታሜታዞን ይዞ ሊመለስ ይችላል። ይህ ስቴሮይድ ነው፤ ቫይረሱን የሚታገለውን የሰውነት መከላከያ ያዳክማል። ለማሳከኩ ካላማይን ሎሽን አለ። ጥፍርን መቁረጥም ትልቅ ነገር ነው፤ ጠባሳ የሚተወው በአብዛኛው ማከኩ ነው። ገላ አይታጠብ የሚባለውን እርሱት። ለብ ባለ ውሃ መታጠብና ሳያሹ ማድረቅ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

ሆስፒታል ሲደርሱ ወረፋው መሃል ከመቀመጥ በፊት፣ ማስክ አድርጎ ለካርድ ክፍሉ "ጉድፍ ሳይሆን አይቀርም" ማለት ነው። አጠገብዎ የምትቀመጠው ነፍሰ ጡር ልትሆን ትችላለች። ጠበል መጠመቅ የሚፈልግም ቅርፊቱ እስኪደርቅ ድረስ ቤቱ አስመጥቶ ቢጠመቅ ለሌላው አሰበ ማለት ነው። ቅርፊቱ ለመድረቅ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ይወስዳል፤ የሕመም ፈቃድ ሲጠየቅ ይህን ማሰብ ነው።

ክትባት አለ። ጃፓናዊው ሚቺያኪ ታካሃሺ ነው በ1974 እ.ኤ.አ. የሠራው። አዋቂ 2 ጊዜ ይወስደዋል፤ ነፍሰ ጡር አትወስደውም። በኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት መርሃ ግብር ውስጥ ግን አልተካተተም።

አንድ ጊዜ የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ ጉድፍ ደግሞ አይወጣበትም። ቫይረሱ ግን ጨርሶ አይወጣም፤ የነርቭ ሥር ውስጥ ይተኛል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም መከላከያ ሲደክም ይነቃና በአንድ ጎን ብቻ፣ ብዙ ጊዜ ጎድን ወይም ፊት ላይ፣ እንደ ቀበቶ ተሰልፎ ይወጣል። አልማዝ ባለጭራ የምንለው እሱን ነው። አልማዝ ባለጭራ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከቁስሉ የሚወጣው ፈሳሽ ግን ጉድፍ ይዞት ለማያውቅ ሰው ጉድፍ ይሰጠዋል። አልማዝ ባለጭራ የወጣባቸው አያት ቤት ውስጥ ካሉ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ነው። ፎጣውም ለብቻቸው ይሁን።