የፍሬን ፉጨት ምንድን ነው?

የፍሬን ፉጨት ማለት ፔዳሉ ሲረገጥ ከቸርኬው አካባቢ የሚወጣው ቀጭንና ስለታም ድምፅ ነው። አፈጣጠሩ ከማሲንቆ ድምፅ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ እጣን የተቀባው የደጋኑ ጭራ የማሲንቆውን ክር ያዝ ለቀቅ እያደረገ እንደሚያስጮኸው ሁሉ፣ ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው የፍሬን ሸራም ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን ዲስክ በሰከንድ ከሺህ ጊዜ በላይ ያዝ ለቀቅ ሲያደርገው ብረቱ ይርገበገባል፣ ርግብግቢቱም ፉጨት ሆኖ ይሰማል።

ስለዚህ ፉጨት ሁሉ ብልሽት አይደለም። መኪናው ታጥቦ ካደረ ዲስኩ ላይ ስስ ዝገት ስለሚይዝ ጠዋት ጥቂት ጊዜ ይጮህና ይጠፋል። ድሬዳዋ ውስጥ ያለውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አቋርጦ የመጣ መኪናም በሸራውና በዲስኩ መካከል ደቃቅ ጠጠር ይዞ ሊያፏጭ ይችላል።

ሆን ተብሎ የተሠራ ፉጨትም አለ። በብዙ ሸራዎች ጎን ላይ ትንሽ የታጠፈች ብረት ትገኛለች፤ ሸራው አልቆ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ያህል ሲቀረው ብረቷ ዲስኩን እየነካች ትጮኻለች። ብዙውን ጊዜ ይህ ጩኸት መኪናው ሲሄድ ተሰምቶ ፍሬን ሲያዝ ቀነስ የሚል ስለሆነ፣ ሹፌሩ «ፍሬኑማ ደህና ነው» ብሎ ይዘናጋል። እንደ ሬንጅ ሮቨር ባሉ የአውሮፓ የቅንጦት መኪኖች ደግሞ በብረቷ ፋንታ ቀጭን ሽቦ ሸራው ውስጥ ይገባል፤ ሽቦው ሲበላ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። የእኔ አሮጌ መኪና ይህ መብራት ለዓመታት በርቶ አያውቅም ነበር። የፊት ግራ ጎማ ሲፈታ ምክንያቱ ታወቀ፦ አንድ ጋራዥ የሽቦውን ሁለት ጫፎች ጠምዝዞ በጥቁር ፕላስተር አስሯቸው ኖሯል፣ ሸራውም ከጀርባው ብረት ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የነዚህ መኪኖች ወፍራም መስታወትና ምንጣፍ ድምፅ ስለማያስገባ፣ ፉጨቱን ከባለቤቱ ይልቅ አጠገቡ የቆመው ባለባጃጅ ቀድሞ ይሰማዋል።

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው ሌላም ነገር ሊያስብ ይገባል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 700 ሜትር ያህል ነው፤ 2.5 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ሁለት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። በዚሁ መንገድ ላይ ያለውን የደንገጎን ቁልቁለት ሞተሩ መኪናውን በሚይዝበት ከባድ ማርሽ ሳይሆን በፍሬን ብቻ የወረደ ሹፌር አብዛኛውን ሙቀት ለዲስኩና ለሸራው ይሰጣል፤ ሸራውም ፊቱ እንደ መስታወት ይጠነክርና ከተማ ሲገባ ማፏጨት ይጀምራል። ከዚህ የሚብሰው ግን ድምፅ የሌለው ችግር ነው። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ለዓመታት ሳይቀየር ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ መጠን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል፣ ዘይቱ ሲፈላም ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል።

ፉጨቱ ወደ መፍጨት ድምፅ ከተለወጠ ሸራው አልቆ ብረት ከብረት እየተፋተገ ነው ማለት ነው። ዲስኩን ቶርኖ ቤት አስልጦ መጠቀም የሚቻለው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ዲስኩ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት በታች እስካልወረደ ድረስ ብቻ ሲሆን፣ ሸራውም የጮኸው ጎማ ብቻ ሳይሆን የቀኙም የግራውም አብሮ ይቀየራል፤ አለዚያ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።