"በጥናት ተረጋገጠ" ሲባል፦ ከቅንጣት ፊዚክስ እስከ ሕክምና፣ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የቅንጣት ፊዚክስ እና የሕክምና ምርምር ጭራሽ የማይገናኙ ይመስላሉ። አንዱ ከመሬት በታች ፕሮቶንን ከፕሮቶን ያጋጫል። ሌላው ለታማሚ መድኃኒት ሰጥቶ ይሻለው እንደሆነ ይከታተላል። ዜናቸው ወደ እኛ ሲደርስ ግን የምንሳሳተው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ ቁጥሩ ምኑን እንደለካ ሳንጠይቅ "ተረጋገጠ" ብለን እናልፋለን። በፊዚክሱ ብንሳሳት ብዙም አንጎዳም። በሕክምናው ግን ሰው መድኃኒት ይጀምራል፣ ያቆማል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

"ሂግስ ቦዞን የመኖሩ ነገር 99.9999 በመቶ እርግጥ ነው"

ሂግስ ቦዞን ለመሠረታዊ ቅንጣቶች መጠነ ቁስ ከሚሰጠው መስክ ጋር የተያያዘ ቅንጣት ነው። ጁላይ 4 ቀን 2012 በሰርን፣ ማለትም በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ፣ የሚሠሩት አትላስ እና ሲኤምኤስ የተባሉ ሁለት የምርምር ቡድኖች ሂግስን የሚመስል አዲስ ቅንጣት ማየታቸውን አስታወቁ። የማስረጃው ጥንካሬ 5 ሲግማ ነው ተባለ። ብዙ ሰው ይህን "ቅንጣቱ የሌለ የመሆን ዕድሉ ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ነው" ብሎ ተረዳው።

እውነታው ሌላ ነው። 5 ሲግማ የሚለው፣ ቅንጣቱ ባይኖር ኖሮ ይህን የሚያህል ወይም ከዚህ የሚበልጥ ምልክት በአጋጣሚ ብቻ የማየት ዕድሉ ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ገደማ መሆኑን ነው። ሁለቱ አረፍተ ነገሮች አንድ ይመስላሉ፣ ግን አይደሉም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ሕክምና ውስጥ ነው። እዚያ የተለመደው መለኪያ ከ100 አምስት ነው፤ መድኃኒቱ ባይሠራ ኖሮ እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ውጤቱ ትርጉም አለው ይባላል። እስቲ 1000 መድኃኒቶች ተፈተኑ እንበል። በእውነት የሚሠሩት 100ዎቹ ብቻ ናቸው። ጥናቶቹ ጥሩ ሆነው ከ100ዎቹ 80ውን ያገኛሉ። ከማይሠሩት 900 ውስጥ ደግሞ 5 በመቶው፣ ማለትም 45ቱ፣ በአጋጣሚ ብቻ ፈተናውን ያልፋሉ። በጠቅላላው 125 "የተሳካላቸው" መድኃኒቶች አሉን፣ ከሦስቱ አንዱ በላይ ግን ባዶ ነው። "ስህተቱ 5 በመቶ ብቻ ነው" ያለ ሰው ምን ያህል እንደራቀ አያችሁ? ለዚህ ነው አንድ ውጤት ከመታመኑ በፊት ሌላ ቡድን እንዲደግመው የሚጠበቀው።

"ሲግማው ከፍ ካለ ስህተት ሊኖር አይችልም"

ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ቁጥር የሚያውቅ ሰውም ይሳሳትበታል።

በሴፕቴምበር 2011 ኦፔራ የተባለው ቡድን ኒውትሪኖዎች፣ ቁስን በቀላሉ አልፈው የሚሄዱ ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ከብርሃን ፈጥነው ተገኙ አለ። ቅንጣቶቹ ጄኔቫ አጠገብ ካለው ሰርን ተነስተው ጣሊያን ውስጥ ወዳለው ግራን ሳሶ፣ 730 ኪሎ ሜትር ገደማ በምድር ውስጥ አልፈው፣ ብርሃን ከሚደርስበት በ60 ናኖ ሰከንድ (በ60 ቢሊዮንኛ ሰከንድ) ቀድመው ደረሱ። የማስረጃው ጥንካሬ 6 ሲግማ ነበር፣ በኋላ ለሂግስ ከተገኘውም የሚበልጥ። በ2012 መጀመሪያ ግን ምክንያቱ ታወቀ። የጂፒኤስ ሰዓቱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኝ አንድ የፋይበር ገመድ በደንብ አልተሰካም ነበር። እዚያው ግራን ሳሶ ውስጥ ያለው ኢካሩስ የተባለ ሌላ ቡድንም የራሱን ልኬት ወስዶ ኒውትሪኖዎቹ ከብርሃን እንዳልፈጠኑ አሳየ።

ሲግማ የሚለካው አጋጣሚን ብቻ ነው። ያልተሰካ ገመድን አይለካም፣ ሊለካም አይችልም። ሕክምና ውስጥ ያልተሰካው ገመድ ብዙ ጊዜ የሰዎቹ አመራረጥ ነው። ለዓመታት የተደረጉ ምልከታዎች ካረጡ በኋላ ሆርሞን የሚወስዱ ሴቶች የልብ ሕመማቸው እንደሚቀንስ ያሳዩ ነበር። ተሳታፊዎቹ ብዙ ናቸው፣ ቁጥሩም ጠንካራ ነው። ነገር ግን ሆርሞኑን የሚወስዱት ሴቶች ከመጀመሪያውም በአማካይ ጤናቸው የተሻለ፣ ኑሯቸው የተደላደለ፣ ሐኪም የሚያዩ ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ 16,608 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ኤስትሮጅን ከፕሮጀስቲን ጋር፣ ግማሾቹ የማስመሰያ ክኒን ሲወስዱ ግን ያ ጥቅም ጠፋ። እንዲያውም የልብ ሕመም በጥቂቱ ጨመረ። ሙከራው በ2002 ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ ተቋረጠ። የዕጣው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ያላሰብነውን ልዩነት እንኳን በሁለቱም ወገን እኩል ይበትነዋል።

"26 በመቶ ጨመረ ከተባለ አደጋው ከባድ ነው"

እዚያው ጥናት ላይ እንቆይ። የጡት ካንሰር በ26 በመቶ ጨመረ ተብሎ ዜናው ዓለምን አዳረሰ፣ በጣም ብዙ ሴቶችም መድኃኒቱን አቆሙ። ቁጥሩ ትክክል ነው። ግን የምን 26 በመቶ? ከ10,000 ሴቶች በዓመት 30 የነበረው ወደ 38 ከፍ አለ። በ10,000 ውስጥ 8 ተጨማሪ ሰው ማለት ነው። ይህን የምለው አደጋውን ለማቃለል አይደለም፤ ለስምንቱ ሴቶች ነገሩ ሕይወት ነው። ግን ሌሊት እንቅልፍ በሚነሳ የሙቀት ስሜት የምትሠቃይ ሴት ከሐኪሟ ጋር ለመመካከር ሁለቱንም ቁጥር ማወቅ መብቷ ነው። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ዓመት እንደነበርም አብሮ ቢነገራት ጥሩ ነው፤ ገና በ50 ዓመቷ ላለች ሴት ውጤቱ እንዳለ አይገለበጥም። "በመቶ ስንት ጨመረ" ሲባል "ከስንት ተነስቶ?" ብላችሁ ጠይቁ።

"መረጃው በደንብ ከተፈተሸ እውነቱ ይወጣል"

አንዳንዴ የሚወጣው ተረት ነው። በዲሴምበር 2015 አትላስ እና ሲኤምኤስ ሁለቱም 750 ጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ጉልበት መለኪያ ነው) አካባቢ በመረጃቸው ላይ ያልተጠበቀ ጉብታ፣ ማለትም አዲስ ቅንጣት ሊሆን የሚችል ምልክት፣ አዩ። በመቶዎች የሚቆጠሩ የንድፈ ሐሳብ ጽሑፎች ተጻፉ። በኦገስት 2016 ተጨማሪ መረጃ ሲገባ ጉብታው የለም። ማንም አላጭበረበረም። ብዙ ቦታ ከፈለግክ የሆነ ቦታ ላይ ጉብታ ማግኘትህ አይቀርም፤ የፊዚክስ ሰዎች 5 ሲግማ ላይ ድርቅ የሚሉበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

የሕክምናው አቻ ደግሞ ከዚህም ይገርማል። በ1988 የታተመው አይሲስ-2 የተሰኘ ሙከራ ድንገተኛ የልብ ጥቃት ደርሶባቸዋል ተብለው የተጠረጠሩ 17,187 ሰዎችን አካተተ። አስፕሪን ሞትን ከ11.8 በመቶ ወደ 9.4 በመቶ ቀነሰ። ግልጽ ውጤት ነው። የሳይንሳዊው መጽሔት አዘጋጆች ግን ታማሚዎቹ በየቡድኑ ተከፋፍለው ውጤቱ እንዲታይ ፈለጉ። ተመራማሪዎቹም የእንዲህ ያለ ክፍፍልን አደጋ ለማሳየት በኮከብ ቆጠራ ከፋፈሏቸው። ኮከባቸው ገውዝ እና ሚዛን የሆኑ ታማሚዎች ከአስፕሪን ምንም ጥቅም አላገኙም፣ እንዲያውም ትንሽ የተጎዱ መሰለ። ኮከብህ ገውዝ ነውና አስፕሪን አልሰጥህም የሚል ሐኪም የለም። ታዲያ "መድኃኒቱ በአጠቃላይ ባይሠራም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶችን ረድቷል" የሚል ዜና ስናነብ ለምን ቶሎ እናምናለን? ከጥናቱ በፊት ያልታቀደ ክፍፍል አዲስ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል፣ መልስ ግን አይሆንም።

"መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ ከታወቀ መሥራቱ አይቀርም"

በ1980ዎቹ የልብ ጥቃት ካለፋቸው ሰዎች ውስጥ የልብ ምታቸው የሚዘባረቅ ቶሎ እንደሚሞቱ ይታወቅ ነበር። ኢንካይናይድ እና ፍሌካይናይድ ምቱን ያስተካክላሉ። ስለዚህ ሞትን ይቀንሳሉ ተባለ። አሳማኝ ነው፣ ሐኪሞችም ያዙት። ካስት የተባለው ሙከራ ግን መድኃኒቱን ከወሰዱ 755 ሰዎች 63ቱ፣ የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱ 743 ሰዎች ደግሞ 26ቱ እንደሞቱ አሳየ። ምቱ ተስተካክሏል፣ ሰዎቹ ግን ሞቱ። ሙከራው ባይደረግ መድኃኒቱ መሰጠቱ ይቀጥል ነበር። "ፕላሴቦ (የማስመሰያ ክኒን) መስጠት ጭካኔ ነው" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የማነሳው ይህን ነው።

"መጠነ ቁስ ሁሉ ከሂግስ ነው የሚመጣው"

በአጭሩ፣ አይደለም። ሂግስ እንደ ኤሌክትሮን እና ኳርክ (ፕሮቶን የሚገነባበት ቅንጣት) ላሉ መሠረታዊ ቅንጣቶች መጠነ ቁስ ይሰጣል። የፕሮቶን መጠነ ቁስ ውስጥ ግን የኳርኮቹ ድርሻ 1 በመቶ ገደማ ነው። ቀሪው የሚመጣው ኳርኮቹን አስሮ ከሚይዘው ኃይለኛ መስተጋብር ጉልበት ነው። ሰውነታችን ሚዛን ላይ ሲወጣ የሚያሳየው በአብዛኛው ያንን ጉልበት ነው።

"ፀረ-ቁስ የፊልም ወሬ ነው፣ የቅንጣት ፊዚክስም ለታማሚ አይጠቅምም"

ፀረ-ቁስ፣ ማለትም ተቃራኒ ቻርጅ ያላቸው የተራ ቅንጣቶች አቻ፣ በየቀኑ ሆስፒታል ውስጥ ይሠራል። ፔት በተባለው የሰውነትን ውስጥ በምስል በሚያሳይ ምርመራ ታማሚው ፍሎሪን-18 የተያያዘበት ስኳር ይወጋል። ብዙ ካንሰሮች ስኳር ስለሚሻሙ እዚያ ይከማቻል። ፍሎሪኑ በየ110 ደቂቃው በግማሽ እየቀነሰ ፖዚትሮን (የኤሌክትሮን ፀረ-ቁስ) ይለቃል፤ ፖዚትሮኑ ኤሌክትሮን ሲያገኝ ሁለቱም ጠፍተው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ ሁለት ጋማ ጨረሮች ይወጣሉ። መሣሪያው እነዚያን ጥንዶች ይዞ ዕጢው የት እንዳለ ያሳያል።

ዕጢን በፕሮቶን ጨረር የሚመታ የፕሮቶን ሕክምናም አለ። ሐሳቡን በ1946 ያቀረበው በኋላ ፌርሚላብ የተባለው የአሜሪካ የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ የመጀመሪያ ዳይሬክተር የሆነው ሮበርት ዊልሰን ነው። ኤክስሬይ ዕጢውን አልፎም ይሄዳል፤ ፕሮቶን ግን አብዛኛውን ጉልበቱን ጉዞው መጨረሻ ላይ አራግፎ ይቆማል። ፊዚክሱ ላይ ጥርጣሬ የለም። በተለይ ለሕፃናት የአንጎል ዕጢ፣ ጤነኛውን ክፍል ከጨረር ማዳን ትልቅ ነገር ነው። ግን ከዚህ ተነስቶ "ለማንኛውም ካንሰር ፕሮቶን ይበልጣል" ማለት ካስት ያጋለጠውን ስህተት መድገም ነው። የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸው ወንዶች በዕጣ ተከፍለው ፕሮቶን እና ዘመናዊ ኤክስሬይ ሲነጻጸሩ፣ በ2024 ይፋ የሆነው ውጤት በአንጀት ጤናቸውም ሆነ በካንሰሩ ቁጥጥር ልዩነት አላሳየም። ስለዚህ ፕሮቶን ካልሆነ ለተባለ ታማሚ ጥያቄው "መሣሪያው ምን ያህል ረቂቅ ነው?" ሳይሆን "የእኔ ዓይነት ካንሰር ባለባቸው ሰዎች ላይ በዕጣ ተነጻጽሯል ወይ?" የሚለው ነው።