«ድርቅ የሚችል ዘር» ሲባል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኅዳር ከአቃቂ ወጣ ብላችሁ ወደ ዱከም ብትሄዱ ሽምብራ የለበሰ ማሳ ታያላችሁ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መስከረም አካባቢ የተዘራ ነው። ከዚያ በኋላ ዝናብ እምብዛም አያገኝም። ጥቁሩ አፈር ይዞ ባቆየው ርጥበት ነው የሚያድገው። ታዲያ ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ማሳዎች አንዱ ፍሬ ሲይዝ ሌላው ቀድሞ ሊደርቅ ይችላል። የአዘራሩና የእንክብካቤው ነገር እንዳለ ሆኖ፣ ዝርያውም ትልቅ ድርሻ አለው። ውሃ ሲያጥር እያንዳንዱ ዝርያ በውስጡ የሚያመነጨው ሆርሞን፣ ማለትም የተክሉን ሥራ የሚመራው ንጥረ ነገር፣ በመጠንም፣ በጊዜም፣ በቦታም ይለያያል። በዚህ ጉዳይ ከሚያርሱትም ሆነ በጓሯቸው ጎመን ከሚያለሙት የምሰማቸው፣ መታረም ያለባቸው ነገሮች አሉ።

«ሆርሞን ማለት የሚረጭ ኬሚካል ነው»

ገበያ ላይ ጎላ ጎላ ያለ ቲማቲም ሲታይ «ሆርሞን ነው ያሳደገው» ይባላል። ሆርሞንን ግን ማንኛውም ተክል ራሱ ይሠራዋል። ማንም ያልነካው የሜዳ ሣርም አለው። የድርቁ ዋና ሆርሞን አብሲሲክ አሲድ ይባላል። ቅጠል ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ፤ ስቶማታ ይባላሉ። ተክሉ ምግቡን የሚሠራበት አየር የሚገባው በእነሱ ነው። ውሃውም የሚተነው በእነሱው ነው። አፈሩ ሲደርቅ አብሲሲክ አሲድ ይጨምርና ቀዳዳዎቹን ያዘጋል። ብቻውን ግን አይደለም። ኤቲሊን ቅጠልን ያስረጃል፣ ያረግፋልም። ሳይቶካይኒን አረንጓዴነቱን ያቆያል። ኦክሲን ደግሞ ሥሩ ወዴት እንደሚያድግ ይመራል።

«ቀትር ላይ የጠወለገ ዝርያ ደካማ ነው»

የጓሮ ጎመን ሰባት ሰዓት ላይ ቅጠሉን ጥሎ፣ አመሻሽ ላይ ቀና ሲል አይታችሁ ይሆናል። ፀሐዩ ሲበረታ ከቅጠሉ የሚወጣውን ውሃ ሥሩ ቶሎ መተካት ስለሚያቅተው ነው። አፈሩን ጣት ከትታችሁ ብትነኩት ርጥብ ሊሆን ይችላል። የሚያሳስበው ጠዋት ሲነጋም እንደጠወለገ ካገኛችሁት ነው።

አንዳንዱ ዝርያ ቀዳዳውን ቶሎ ይዘጋና ውሃውን ይቆጥባል። አንዳንዱ ክፍት አድርጎ ይቆያል፤ ይጠወልጋል፣ ግን ምግብ መሥራቱን አያቆምም። ከወይን ዝርያዎች ግሬናሽ ለመጀመሪያው፣ ሲራ ለሁለተኛው ተደጋግመው የሚጠቀሱ ናቸው። ድርቁ አጭር ከሆነ ደፋሩ ይጠቀማል። ከረዘመ ቆጣቢው።

«ሆርሞኑ የበዛለት ዝርያ የበለጠ ይቋቋማል»

ይሄኛው የተማሩ ሰዎችም የሚሉት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልሂድበት።

ማነሱ ጉዳት እንዳለው ግልጽ ነው። ፍላካ የሚባል የቲማቲም ዓይነት አለ። በቂ አብሲሲክ አሲድ መሥራት ስለማይችል ቀዳዳዎቹ በደንብ አይዘጉም። ውሃ እያጠጣችሁትም ይጠወልጋል።

መብዛቱም ዋጋ ያስከፍላል። ቀዳዳው ተዘጋ ማለት አየሩም አልገባም ማለት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ስንዴ ላይ የሚሆነው ነው። ስንዴ እሸቱ ከመውጣቱ በፊት፣ ገና የአበባው ዱቄት በሚሠራበት ጊዜ ውሃ ሲያጥረው፣ ድርቅ የማይችሉት ዝርያዎች ዱቄቱ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ብዙ አብሲሲክ አሲድ ያከማቻሉ። ያኔ ወደዚያ የሚሄደው ስኳር ይቋረጥና ዱቄቱ ይመክናል። የሚችሉት ዝርያዎች እዚያች ቦታ ላይ ሆርሞኑን ዝቅ አድርገው ይይዙታል። ከሩቅ ሲታይ ሁለቱም ማሳ አንድ ነው፤ ቁመቱም፣ ቅጠሉም። ዛላውን መዳፍ ላይ አሽታችሁ እፍ ስትሉት ግን አንዱ ፍሬ ይተዋል፣ ሌላው ገለባ ብቻ ሆኖ ይበናል። ገበሬው ያንን ሁሉ ወር ለፍቶ ገለባ ሲያገኝ ማየት ያማል። ስለዚህ «ስንት ሆርሞን አለው?» የሚለው ብቻውን መልስ አይሆንም። የት ቦታና መቼ የሚለው አብሮ መጠየቅ አለበት።

ሽምብራም እንዲሁ ነው። ድርቅን ከሚችሉት አንዳንዶቹ ገና ርጥበቱ ሳለ ጀምሮ በቁጠባ የሚጠጡ ናቸው። ፍሬ በሚሞላበት ሰዓት አፈሩ ውስጥ ጥቂት ይተርፍላቸዋል።

«ሆርሞኑ ከሥር ነው የሚመጣው»

በአብዛኛው የሚሠራው እዚያው ቅጠል ውስጥ ነው። የጤነኛ ቲማቲም ግንድ ተቆርጦ ሆርሞኑን መሥራት በማይችል ሥር ላይ ተጣብቆ ሲሞከር፣ አፈሩ ሲደርቅ ቀዳዳዎቹን ዘግቷል። ሥሩ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአንዲት የቤተ ሙከራ ተክል ላይ፣ ሥሩ የሚልከው ትንሽ ፕሮቲን መሰል መልእክት ቅጠሉን ሆርሞን እንደሚያሠራው አሳይቷል።

«ቶሎ የሚደርስ ዘር ድርቅ ይቋቋማል»

ጸደይ የተባለው ጤፍ ቶሎ በመድረሱ ይወደዳል። ቶሎ መድረስ ግን ከድርቁ ማምለጥ ነው። ዝናቡ ቀድሞ ሲያቆም ይጠቅማል። ድርቁ ነሐሴ ላይ፣ መሃል ገብቶ ከመታ ግን ቶሎ መድረሱ ብቻ አያድነውም።

«የአገሬው ዘር ሁሌም ከተሻሻለው ይበልጣል»

ተቃራኒውን የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም አይሆንም። በ2006 እ.ኤ.አ. ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ ጤፍ ወላጆቹ ማኛና ዱከም ናቸው። እነሱ ራሳቸው ከገበሬው ዘር ተመርጠው የወጡ ናቸው። ማወቅ ከፈለጋችሁ ሁለቱን ዘር በአንድ ቀን፣ አንድ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ዝሩ። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን እዩ። ያበበበትን ቀንና ዝናቡ የቀረበትን ቀን ጻፉ። አጨዳ ሲደርስ ከሁለቱም ዛላ አሽታችሁ ፍሬውን አወዳድሩ።