ሙላቱ አስታጥቄ ለ«ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ አልደረሱም

እንጀራዬ ለፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ መሥራት ነው። ስለ ሙያዬ በተነሣ ቁጥር «ሙላቱም ዓለም ያወቃቸው ለአሜሪካው ፊልም ሙዚቃ ደርሰው አይደል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ይህን የሚናገሩት የኢትዮ ጃዝ ፈር ቀዳጁን የሙላቱን ሥራ ከልብ የሚወዱ ሰዎች ጭምር ስለሆኑ ስሕተቱን ሰምቶ ማለፍ ከብዶኛል።

የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ለእይታ የበቃው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በፊልሙ ውስጥ የምንሰማቸው «የከርሞ ሰው» እና «የግሌ ትዝታ» ግን ከዚያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀደም ብለው የተቀረጹ፣ በሸክላ ታትመው የወጡ ሥራዎች ናቸው። በታሪኩ ውስጥም ሙዚቃው የሚገባው በሲዲ ነው፤ ኢትዮጵያዊው ጎረቤት ዊንስተን ለመንገዱ እንዲሆነው ብሎ ለዋናው ገጸ ባሕርይ ለዶን ይሰጠዋል፣ ዶንም መኪናው ውስጥ እየከፈተ ይነዳል። ዳይሬክተሩ ያደረገው ተሠርቶ ያለቀ ሙዚቃ መምረጥ ነው፤ ምርጫውም ግሩም ነበር።

ማጀቢያ መድረስ ሌላ ሥራ ነው። በቅርቡ በሠራሁት አንድ ትዕይንት እናት የልጇን ደብዳቤ አንብባ እስክታጥፍ 42 ሰከንድ ይፈጃል። ዜማውን ለማሲንቆ ጻፍኩት፤ በ31ኛው ሰከንድ ላይ ግን የወረቀቱ ድምፅ እንዲሰማ ማሲንቆው ዝም ማለት ነበረበት። በማግሥቱ ዳይሬክተሩ ከትዕይንቱ ስድስት ሰከንድ ቆረጠ፣ ዜማዬም መሐሉ ላይ ተበጠሰና እንደገና ደረስኩት። አስቀድሞ የተቀረጸ ዘፈን እንዲህ አይታዘዝም፤ ወይ ምስሉ ለእሱ ይቆረጣል፣ ወይ ድምፁ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ለፊልም ተብሎ የተደረሰ ሙዚቃ መስማት የሚፈልግ ሰው የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ይመልከት፤ ሙዚቃውን የደረሱት ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆርጋ መስፍን እና ፒያኖ ተጫዋቹ ቪጃይ አየር ናቸው።

ስሕተቱ ገንዘብም ያስከፍላል። አንድ ፕሮዲዩሰር «ማጀቢያ ለምን አስደርሳለሁ፣ የሙላቱ ሙዚቃ አለ አይደል!» ብሎኝ ያውቃል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ዜማውን የደረሰው ሰው መብት አለው፤ የተጫወተውና ቀረጻውን ያሳተመውም የየራሳቸው መብት አላቸው። ስለዚህ ዘፈን ወደ ፊልም ከማስገባታችሁ በፊት የድርሰቱንም የቀረጻውንም ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ ይህንንም ኤዲቲንግ ሳይጀመር አድርጉት። ዳይሬክተሩና ኤዲተሩ አንድን ዘፈን ለሁለት ወር ሲሰሙ ከከረሙ በኋላ ፈቃዱ ቢከለከል፣ የትኛውም አዲስ ድርሰት አይጥማቸውም።

«ከ2005 በፊት ውጭ አገር የሚያውቃቸው አልነበረም» የሚባለውም ልክ አይደለም። ሥራዎቻቸውን የያዘው፣ «ኢትዮፒክስ» የተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበም 4ኛ ቅጽ በፈረንሳይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር።

ኢትዮ ጃዝ ትዝታን በቫይብራፎን መጫወት ማለት አይደለም፤ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ሌሎቹ ቅኝቶችም አሉበት፣ አስቸጋሪው ሥራም ባለ አምስት ድምፁን ቅኝት መልኩን ሳያጣ ከዐሥራ ሁለቱ ድምፆች ኅብረ ዜማ ጋር ማስታረቅ ነው።

በመጨረሻ «ሶሎ ከሠራ ባንድ አያስፈልገውም» ለሚሉት፦ የሶሎ ሥራ ማለት ኃላፊነቱ በአንድ ሰው ስም የሆነ ሥራ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ላይ የወጡት የሙላቱ ሁለት አልበሞች በስማቸው ቢሆኑም ሽፋናቸው ላይ «ኢትዮጵያን ኩዊንቴት» የሚለው የባንዱ ስም አብሮ ሰፍሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 ከለንደኑ ባንድ «ሄሊዮሴንትሪክስ» ጋር የሠሩት አልበም ደግሞ የሁለቱም ስም እኩል የተጻፈበት ነው፤ ባንዱን «አጃቢ» ብሎ መጥራት እነዚያ ልጆች በድራሙና በቤዙ ያመጡትን ድምፅ አለመስማት ነው።