ጋን በጠጠር ይደገፋል

ይህን አባባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ሰው ትንሽ ነገር ይዞ ትልቅ ድግስ ቤት ሲገባ ነው። ጎረቤት ለሠርግ አቅሙ የፈቀደውን ያስጨብጥና "ያው ጋን በጠጠር ይደገፋል ብዬ ነው" ይላል። ትልቁም ትንሹን ይፈልጋል ማለት ነው።

መነሻው ጓዳ ነው። ጋን ከሸክላ ዕቃዎቻችን ትልቁ ነው፤ ቂጡም ድቡልቡል ነው። ደልዳላ መሬት ላይ ብቻውን ቀጥ ብሎ አይቆምም። ስለዚህ ቦታው ትንሽ ጎድጎድ ይደረግና ዙሪያውን ጠጠር ይሸጎጥበታል። በግራዋ ታጥቦ በወይራ የታጠነው ጋን ቦታውን ሲይዝ ብርዙ ይገባል፣ ጌሾው ይከተላል። ከዚያ በኋላ ጋኑን ማንም ከቦታው አያንቀሳቅሰውም። ጠጁ ፈልቶ ሲበርድ ዝቃጩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከላይ ያለው እየጠራ ወርቅ ይመስላል። ጋኑ ከተንገዳገደ ግን ዝቃጩ ይነሳል፣ ጠጁ ይደፈርሳል። ከወደቀማ ማሩንም ልፋቱንም መሬት ጠጣው።

"ትንሹ ትልቁን ይሸከማል" ብለው የሚተረጉሙት አሉ። እኔ አልስማማም። ክብደቱን የተሸከመው መሬቱ ነው፤ ጠጠሩ ጋኑ እንዳይዘም ይይዘዋል። ደግሞም ባዶ ጋን ግድግዳ ተደግፎ ሊከርም ይችላል፤ ጠጠሩ የግድ የሚሆነው ሲሞላ ነው። ለእኔ የአባባሉ ጉልበት እዚህ ላይ ነው። ሰው ሀብቱና ሥልጣኑ ሲሞላ ነው በትንሽ ነገር ሊዘም የሚችለው፤ ያኔ ነው ከጎኑ የሚሸጎጥ ሰው የሚያሻው።

በሸክላ የሚጠምቅ ሕዝብ ሁሉ ይህን አባባል አያወጣም ነበር። ጆርጂያውያን ነጭ ወይን ከነልጣጩ ክቬቭሪ በሚሉት ትልቅ ሸክላ ጠምቀው የማር መልክ ያለው መጠጥ ያወጣሉ። ዘዴውን ዩኔስኮ በ2013 እ.ኤ.አ. በቅርስነት መዝግቦታል። ክቬቭሪው ግን እስከ አፉ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ዙሪያውን አፈር ስለያዘው ጠጠር አያሻውም።

አባባሉን ማን እንደተናገረው ልዩነት አለው። ሰጪው ስለ ራሱ ሲለው ትህትና ነው። "እኔ ምን እጨምራለሁ?" ለሚል ወጣት አንድ አዛውንት "አይዞህ ልጄ፣ ጋንም በጠጠር ይደገፋል" ቢሉት ማበረታቻ ነው። ሌላ ሰው ስጦታውን አይቶ ቢለው ግን ሰጪው "ያመጣሁትን ጠጠር አለብኝ" ብሎ ሊቀየም ይችላል።