ዩቲሊታሪያኒዝም ምንድን ነው?

አንድ አዲስ የካንሰር መድኃኒት ወጣ እንበል። ዋጋው 80 ሺህ ፓውንድ ነው። ታማሚውን 4 ዓመት ያቆየዋል፤ ግን በግማሽ ጤና። መንግሥት ይክፈልለት?

እንግሊዝ ውስጥ ይህን የሚመዝን ናይስ የሚባል ተቋም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመ። ሒሳቡ ቀላል ነው። በሙሉ ጤና የተኖረ አንድ ዓመት 1 ነጥብ ያገኛል። በሕመም የተኖረ ዓመት እንደ ሕመሙ ክብደት ይቀነስበታል። የእኛ መድኃኒት 4 በ0.5 ሲባዛ 2 ነጥብ አመጣ። 80 ሺህ ለ2 ሲካፈል 40 ሺህ ፓውንድ። ናይስ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የሚፈቅደው በአብዛኛው ለአንድ ነጥብ ከ20 እስከ 30 ሺህ ፓውንድ ነበር። ስለዚህ መድኃኒቱ ሊቀር ይችላል። በዚያው ገንዘብ ሌላ ቦታ ብዙ ዕድሜ ይገዛል ነው ነገሩ።

ከዚህ ስሌት ጀርባ ያለው ሐሳብ ዩቲሊታሪያኒዝም ነው። አንድ ድርጊት ትክክል የሚባለው፣ የሚነካቸው ሁሉ ተደምረው ሲታዩ፣ ከሌላው አማራጭ የበለጠ ደስታና ያነሰ ሥቃይ ሲያመጣ ነው ይላል። ልብህ ቅን ነበር ወይ፣ ወጉ ይፈቅዳል ወይ ብሎ አይጀምርም። ውጤቱን አሳየኝ ነው የሚለው።

ሐሳቡን በሥርዓት ያስቀመጠው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም ነው፤ በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ። ደስታ በጥንካሬውና በቆይታው ሊለካ ይችላል አለ። የመኳንንቱም የድሃውም ሥቃይ እኩል ይቆጠራል፤ በዚያ ዘመን ይህ ደፋር ንግግር ነበር። እንስሳትንም አልተወም። ዋናው ጥያቄ ማሰብ ይችላሉ ወይ ሳይሆን ይሠቃያሉ ወይ ነው ብሏል።

ሌላው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በዚህ ትምህርት ተኮትኩቶ አደገ፤ በ20 ዓመቱ ግን ከባድ ጭንቀት ውስጥ ገባ። በኋላ በ1861 ባወጣቸው ጽሑፎች ደስታ ሁሉ እኩል አይደለም አለ። ከጠገበ ሞኝ ያልረካ ሶቅራጥስ መሆን ይሻላል። የትኛው ደስታ እንደሚበልጥ ማን ይፍረድ? ሁለቱንም የቀመሰ ሰው፣ አለ ሚል። ለእኔ ግን ይህ መልስ አይዋጥልኝም። ሁለቱንም ቀምሰው የማይስማሙ ሰዎች ሞልተዋል።

የናይስ ቀመር ከሚል ይልቅ ለቤንታም ይቀርባል፤ ይደምራል፣ ያካፍላል። ችግሩም እዚያው ነው። አካል ጉዳተኛ የሚኖረው አንድ ዓመት ከጤነኛው ያነሰ ነጥብ ሊያገኝ ነው። የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቾች በዚህ አጥብቀው ይቃወማሉ፤ እውነታቸውን ነው። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2010 የጤና ሕጓ፣ ሜዲኬር የሚባለው በዋናነት የአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን ምን እንደሚሸፍን ሲወስን ይህን መለኪያ እንደ ወሰን እንዳይጠቀምበት ከልክላለች። እርግጥ እዚያም ገንዘቡ ማለቂያ የለውም ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚወስነው የታማሚው ኪስ ነው። እኔ በበኩሌ በአደባባይ የተጻፈ ሒሳብ ይሻለኛል፤ ቢያንስ ቁጥሩን ይዞ መሟገት ይቻላል።